ሞላ ይላኩልኝ

መኪና ያለው ሰው ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው መኪናው ሲንኳኳ ሬዲዮውን ከፍ ያደርጋል። ሁለተኛው «ምንድን ነው የሚንኳኳው?» ብሎ ይወርዳል። እኔ ለብዙ ዘመን ከመጀመሪያዎቹ ወገን ነበርኩ፤ በሰላምም እኖር ነበር። ሬዲዮዬ የተበላሸ ዕለት ነው ጉዴ የፈላው።

እስቲ መኪናዬን ላስተዋውቃችሁ። ጃፓን ተወልዳ፣ ዱባይ ጎልምሳ፣ እኔ ዘንድ ያረጀች ትንሽ መኪና ናት። እንደ ሌሎቹ ከኋላዋ የዕቃ መጫኛ አልተቀጠለላትም፤ ከኋላ ወንበር ቀጥሎ በር ነው፣ ከበሩ ቀጥሎ ጎዳና ነው። በዚህ ምክንያት በሰፈሬ፣ በጅማው መንደራ ቆጪ ውስጥ «ቆራጣዋ» ይሏታል። ዕድሜዋን ከሊብሬው ይልቅ መቀመጫዬ አብጠርጥሮ ያውቀዋል። መንገድ ላይ የወደቀ የቡና ጀንፈል ብትረግጥ ውስጡ ያለው ፍሬ አንድ ይሁን ሁለት ለይቼ መናገር ደርሼ ነበር። የምተዳደረው በፎቶ ኮፒ ቤት ስለሆነ ከመኪና ጋር ያለኝ ዝምድና ነዳጅ ቀድቶ ቁልፍ ከማዞር አያልፍም። እሷም ብዙ አታስቸግረኝም፤ እኔም ብዙ አልጠይቃትም።

እንዲህ ተከባብረን ስንኖር ባለቤቴ ጽጌ ሴት ልጅ በሰላም ተገላገለች። እልል ተባለ፣ ገንፎ ተበላ፣ ጎረቤት ገባ ወጣ። ሰው ሁሉ መጣ። ያልመጣው አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ እሱም የጽጌ አባት።

አባባ በቀለ የሚኖሩት ከጅማ ወጣ ብሎ፣ ደዶ ነው። ጽጌ ለእሳቸው ብቸኛ ሴት ልጅ ናት፤ እናቷ ስትሞት ትንሽ ስለነበረች እናትም አባትም ሆነው ያሳደጓት እሳቸው ናቸው። ታላቅ ወንድሟ ቅቤና ማር ተሸክሞ ሲመጣ ጽጌ አራስ አልጋዋ ላይ ሆና ከትከሻው ኋላ በሩን ታይ ነበር።

«አባባስ?»

«አልመጣም ብለዋል።»

«ምነው? አመማቸው?»

ወንድምየው አንዴ እኔን፣ አንዴ ጫማውን አየ። «ያቺ መኪና ወገቤን ቆረጠችው ብለዋል።»

ቤት ሙሉ ሰው ዞሮ ተመለከተኝ።

ነገሩ እውነት ሳይሆን አይቀርም ብዬ ወዲያው አመንኩ። ለመልስ ደዶ የሄድን ጊዜ አባባን ከቤተ ክርስቲያን እስከ ቤታቸው በቆራጣዋ አሳፍሬያቸው ነበር። መሀል ላይ አንዲት ጉድባ አለች። ከጉድባዋ ስንወጣ አባባ «እህ!» ብለዋል። ያኔ ሬዲዮዬ ይሠራ ስለነበር ያልሰማሁ መስዬ ድምፁን ከፍ አደረግሁት።

ጽጌ አልጮኸችብኝም። ብትጮህ በተሻለኝ ነበር። ልጅቷን ወደ ደረቷ ጠጋ አድርጋ፣ «አባቴ ሳያቅፋት ልጄ ክርስትና አትነሳም» አለችና ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። ጽጌ አንድ ነገር ብላ ፊቷን ካዞረች ነገሩ አለቀ ማለት ነው። ደግነቱ ሴት ልጅ ክርስትና የምትነሳው በሰማንያ ቀኗ ነው። ወንድ ቢሆን ኖሮ በአርባ ቀን ውስጥ የመኪና ወገብ ማቃናት የእኔ አቅም አልነበረም።

በማግስቱ ነስሩ ዘንድ ሄድኩ። ነስሩ የሰፈራችን መካኒክ ነው። ጋራዡ አንድ የአቮካዶ ዛፍ ነው። በጥቃቅንና አነስተኛ ተደራጅቶ የተሰጠው ታፔላ ከጋራዡ ይበልጣል። በአቮካዶ ወራት መኪናውን እዚያ ያሳደረ ሰው ሞተሩ ተሠርቶለት ኮፈኑ ተጎድጉዶበት ይመለሳል።

ነስሩ የቆራጣዋን ጥግ በሁለት እጁ ወደ ታች ተጫናትና ለቀቃት። ወጣች፣ ወረደች፣ ወጣች፣ ወረደች። ሻዩን ፉት ብሎ ሲመለስ አሁንም እየወጣችና እየወረደች ነበር።

«ወላሂ፣ ይቺ ዥዋዥዌ እንጂ መኪና አይደለችም» አለኝ።

«ምኗ ነው?»

«ና ጎንበስ በል። ይሄ የተጠማዘዘው ብረት ሞላ ይባላል። ሸክሙን የሚችለው እሱ ነው። ይሄ ቀጥ ያለው ደግሞ አሞርዛተር ነው። ሞላው ሲዘል ‹ተው፣ በቃህ› የሚለው እሱ ነው። ያንተ ሞላ ደክሞታል፤ አሞርዛተሩ ደግሞ መምከር ትቷል።»

ከዚያች ቀን ጀምሮ ሰላም አጣሁ። ሰው አርባ ዓመት ሊጠጋ ኖሮ፣ መኪና ውስጥ የሚዘልና የሚመክር እንዳለ ሳያውቅ! ለካ ከእያንዳንዱ ሰው መቀመጫ ሥር ይህን የመሰለ ትዳር አለ! የቆመ መኪና ባየሁ ቁጥር እጄን ይበላኝ ጀመር። ጠጋ እልና ጥግ ጥጉን ተጭኜ እለቀዋለሁ፤ ስንት ጊዜ ወጥቶ ወርዶ እንደሚቆም አያለሁ። አንዳንዱ አንዴ ተንፍሶ ዝም ይላል፤ ጨዋ ነው። አንዳንዱ እንደ እኔዋ ይለፈልፋል። የባንክ ደጃፍ፣ የሆቴል ደጃፍ፣ የቀበሌ ደጃፍ፣ ያልተጫንኩት መኪና አልነበረም።

አንድ ቀን ለቅሶ ቤት ሄጄ፣ ድንኳኑ ውስጥ ጥቂት ተክዤ ስወጣ፣ አጥር ሥር አንድ የሚያምር መኪና ቆሟል። እጄ አላስቀመጠኝም። አንዴ ተጫንኩት፤ ግሩም ነው። ሁለተኛ ስጫነው ከኋላ ወንበር አንድ ሽማግሌ ብድግ ብለው «በስመ አብ! የመሬት መንቀጥቀጥ!» እያሉ በካልሲያቸው ወጡ። ድንኳኑ ውስጥ የነበረው ሰው ግማሹ ወደ ውጭ ሮጠ። እኔም አብሬ ሮጥኩ፤ ሌላ ምን ላድርግ? ከዚያ በኋላ በሰፈሩ «የጽጌ ባል መኪና ያሻል» ተባለ። አንዲት ጎረቤታችን ጠበል ይሞከርለት ብላ ለጽጌ መክራለች።

ምክር ደግሞ በጅማ ከዝናብ ይበዛል። አንድ ጡረታ የወጡ ጤና ረዳት «ጥፋቱ የመኪናው ሳይሆን የመቀመጫው ነው፤ ስፖንጅ ደርብበት» አሉኝ። ደረብኩ። ራሴ ጣሪያውን ነክቶ አንገቴን አዘንብዬ መንዳት ጀመርኩ፤ መንገድ ላይ ያገኘኝ ሁሉ ምን ሆነህ ነው ያዘንከው እያለ ያጽናናኝ ነበር። አንድ የቡና ነጋዴ ደግሞ «የጎማውን ንፋስ ቀንስ፣ ትለሰልሳለች» አለኝ። ቀነስኩ። እውነትም ለሰለሰች፤ ግን ሆዷ ከኮብልስቶኑ ጋር እየተላተመ፣ ባለፍኩበት ሁሉ ውሻ ይከተለኝ ጀመር። መርካቶ ውስጥ ጫት የሚያመላልስ ሾፌር ግን ነገሩን በአጭሩ ቆረጠው። መኪናው ሥር ተጋድሜ ሞላውን ስመለከት አገኘኝና፣ እንደመቆጣት ብሎ ከሰማኝ በኋላ፣ «ጠንካራ ሞላ ግጠም። የእኔ መኪና ጉድባ ላይ አትወርድም፤ ጉድባው ነው የሚፈራት» አለኝ። ይህ ሰው መኪናውን ሊያስነሳ አንድ እግሩን አስገብቶ ነበርና፣ ከምክሩም በላይ ጎንበስ ብሎ ስላየኝ አመሰግነዋለሁ።

አሞርዛተሩ መርካቶ ተገኘ፤ የእኛው የጅማው መርካቶ ማለቴ ነው። ሞላ ግን ለቆራጣዋ የሚሆን ጠፋ። ስለዚህ አዲስ አበባ ላለው ለአክስቴ ልጅ ለዳዊት ደወልኩ። ዳዊት የመኪና መለዋወጫ ሱቅ ውስጥ ነው የሚሠራው። ያን ዕለት ስልኩን ቤት ረስቶ ሄዷል፤ ያነሳችው እናቱ፣ አክስቴ እትዬ የሺ ነበረች። በዚያን ጊዜ ኔትወርክ እንደ ዘመድ ነበር፤ ስትፈልጉት ይጠፋል፣ ሲመጣም አይቆይም። ስለዚህ ቶሎ ቶሎ ጮኼ ተናገርኩ።

«እትዬ የሺ! ሞላ ይላኩልኝ!»

«ሞላን? ጅማ ድረስ?»

«አዎ! እዚህ በጣም ያስፈልገኛል! ያገለገለ ቢሆንም ግድ የለኝም!»

«አገልግሏል እንጂ! እንዴት አድርጎ ነው ያገለገለው!»

«ዱባይ ነው ያገለገለው?»

«ኧረ የምን ዱባይ! ደብረ ብርሃን ነው።»

የደብረ ብርሃንን ብርድና መንገድ የቻለ ለደዶ አያንስም ብዬ ደስ አለኝ። «ጠንካራ ነው? ከባድ ሸክም ይችላል?»

«ምን ጥያቄ አለው! አንድ ኩንታል ብቻውን ነው የሚያነሳው።»

«አልተጣመመም?»

«ምነው ልጄ! እንደ ጧፍ የቀና ነው፤ ሱስ የሚባል አያውቅም።»

ሱስ የምትለዋን ሰምቼ ኔትወርኩ ነው ብዬ አለፍኩ። «እንግዲያው በጭነት መኪናም ቢሆን ይጫኑልኝ! በማዳበሪያ ጠቅልለው፣ ከላይ ጠበቅ ተደርጎ ይታሰር!»

«ምን? አልሰማሁህም! በአውቶቡስ ነው የምልከው!»

«ጥሩ! እንደመጣ ወዲያው ሥራ ይጀምራል!»

እዚህ ላይ እትዬ የሺ አለቀሰች። «እግዜር ብድርህን ይመልስልህ፣ ወልደህ ሳም፣ የእኔን ጭንቀት ያየህ አንተ ብቻ ነህ…» እያለች ስትመርቀኝ መስመሩ ተቋረጠ። ለአንድ ሞላ ይህ ሁሉ ምርቃት ምን ይሉታል ብዬ ጥቂት ገርሞኛል። ግን የተላከ ምርቃት አይመለስምና አሜን አልኩ።

መናኸሪያ የሄድኩት ባዶ ጆንያና ገመድ ይዤ ነው። የአዲስ አበባው አውቶቡስ ሲገባ ረዳቱን ጠራሁት። «ሞላ ተልኮልኝ ነበር፤ የት ነው ያስቀመጣችሁት?»

«ሞላ እኔ ነኝ» አለ አንድ ድምፅ ከበላዬ።

ቀና አልኩ፤ አሁንም ቀና አልኩ። የአውቶቡሱን በር የሞላ ሰው በደረጃው ላይ ቆሟል። ትከሻው የበር መቃን ያህላል። ጎንበስ ብሎ አቅፎ ሳመኝና፣ «አላወቅከኝም? አቡሽ ነኝ እኮ!» አለኝ።

አቡሽ! የእትዬ የሺ የመጀመሪያ ልጅ! ሁላችንም በቤት ስሙ አቡሽ ስንለው ነው ያደግነው፤ የክት ስሙን ጠይቄም አላውቅ። ደብረ ብርሃን ቤተ ክርስቲያን ሲያገለግል ኖሮ፣ ተመልሶ ሥራ አጥቶ እናቱ ቤት ተቀምጧል። ይህን በሚያህል ሰው ላይ «አቡሽ» ማለት ስላሳፈራት እናቱ በክት ስሙ መጥራት ጀምራለች። ሞላ።

«ጆንያው ለምንድን ነው?» አለኝ።

«ለ… ለሻንጣህ» አልኩት።

ቆራጣዋ ውስጥ ሲገባ ኋላዋ መሬት ሊስም ምንም አልቀረውም። ሞላ ፈልጌ ሞላ መጣ፤ የነበረው ሞላ ግን በእሱ ሸክም ጭርሱን አለቀለት። ጽጌን ማድ ቤት ጠርቼ በሹክሹክታ ስነግራት፣ ከወለደች ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። እኔ ግን ልሞት ደርሻለሁ። የእናቱን ምርቃት ተቀብዬ፣ ሰውየውን ‹ብረት ነበር የፈለግሁት› ብዬ እንዴት አድርጌ ልመልሰው?

እኔ ስፈራ ነስሩ አፈነዳው። በማግስቱ ከሞላ ጋር ስንደርስ ገና ከሩቅ፣ «ሞላው መጣ?» አለኝ።

«መጣ።»

«የታለ?»

በዓይኔ አሳየሁት። ነስሩ ሞላን ከእግር እስከ ራሱ አየው፤ ከዚያ ዛፉን ተደግፎ «ያ ረቢ!» እያለ በሳቅ መሬት ላይ ተቀመጠ። ሞላ ቀስ ብሎ ነገሩን ሁሉ ጠየቀ፤ ነስሩ በሳቅ መካከል ነገረው። እኔ ጉድጓድ ፈለግሁ።

«እንግዲህ» አለ ሞላ በመጨረሻ፣ «ለመኪናም ቢሆን ተፈልጌ መጥቻለሁ። እናቴ እንዳትሰማ ብቻ።»

ይህን የመሰለ ሰው ነው። ያን ቀን ወደድኩት።

ለዳዊት በድጋሚ ተደውሎ፣ ‹የብረት ሞላ› ተብሎ፣ ሁለት ጊዜ ተደግሞ ተነገረው። እሱም እፈልጋለሁ አለና ጠፋ። ክርስትናው እየቀረበ መጣ። ነስሩ አንድ ቀን ዓይኑ እያበራ፣ ከአንድ የወደቀ ትልቅ መኪና የወረደ ሞላ አሳየኝ። ውፍረቱ የእጄን አንጓ ያህላል። «ቆርጠን ብንገጥመው ምን እንደሚሆን ለማየት ስንት ዘመኔ!» አለ። እኔም ምን እንደሚሆን ለማየት ልቤ ተንጠለጠለ። ሁለት የማወቅ ጉጉት የያዛቸው ሰዎች ሲገናኙ ሦስተኛ ሰው መሀል ሊገባ ይገባል፤ እኛ መሀል የነበረው ሦስተኛ ሰው ሞላ ነበር፣ እሱ ደግሞ መኪናዋን ወደ ላይ ያዘልን።

ተገጠመ። የቆራጣዋ ኋላ ሊዋጋ እንዳቀረቀረ በሬ ወደ ላይ ተሰቀለ። ብቻዬን ይዣት መርካቶ ወጣሁ። ያን ዕለት ስለ ጉድባ የማላውቀውን ሁሉ አወቅሁ። ከመንገዱ በላይ የነበርኩበት ጊዜ ከመንገዱ ላይ ከነበርኩበት ይበልጣል። ስመለስ ሞላ ከኋላ ገባና እስቲ አሁን ንዳት አለኝ። በዚያው መንገድ ነዳኋት፤ ፍስስ ብላ ሄደች።

«ሱብሃነላህ!» አለ ነስሩ። «ሞላው ለከባድ ሸክም ነው የተሠራው። ባዶ ስትሆን የሚሸከመው ስለሌለው በንዴት ይዘላል።»

ለካ ሞላ የሚሠራው ሲሞላ ነው! በዚህ ግኝቴ ቀኑን ሙሉ ኮራሁ። መፍትሔውም ተገኘ፤ ሞላ ከኋላ ይቀመጣል፣ አባባ ጋቢና ይቀመጣሉ፣ ወገባቸው ሳይነካ ጅማ ይገባሉ። ሞላ ተስማማ። «መቀመጥ ብቻ ከሆነ ከዚህ የከበደ ነበር የጠበቅሁት» አለ።

የክርስትናው ዋዜማ ማለዳ ደዶ ወጣን። መንገዱ በየዓመቱ ሊሠራ ነው ይባላል፤ እንደተባለ ነበር። አባባ በቀለ ከደጃፋቸው ከዘራ ይዘው ቆመው አገኘኋቸው። ጉልበት ስሜ ሳበቃ በኩራት፣ «አባባ፣ መኪናዋን አሠርቻታለሁ። ከእንግዲህ ወገብዎን አትነካም» አልኳቸው።

«ወገቤ ምን ሆነ?» አሉኝ።

«ቆረጠችው ብለው ልከው የለም እንዴ? ያቺ ጉድባ…»

«ጉድባ?» አሉ። «ማሎ፣ እባክህ፣ እኔ በበቅሎ ስንት ገደል የወረድኩ ሰው ነኝ! ጉድባ ምን ታደርገኛለች?» ከዚያ በከዘራቸው ቆራጣዋን አመለከቱ። «ልጄን በዚች በር አስገብተህ፣ ሪባን አስረህ፣ ጡሩምባ እየነፋህ ሄድክ። እኔ እዚህ ቆሜ አቧራውን አየሁ። ስገባ ቤቱ ወና ነው። ወገቤ የተቆረጠው ያኔ ነው። ልጅቷን ለማየት ልቤ ሳይፈልግ ቀርቶ መሰለህ? መሄዱ አይደለም የሚከብደኝ። ትቻት መመለሱ ነው።»

ሰውየው ሐዘናቸውን ነው የላኩብን፤ እኔ ብረት ስጫን ከረምኩ። በጣም አፈርኩ።

«ለምን አልነገሩንም ታዲያ፣ አባባ?»

«ነገርኳችሁ እንጂ! እናንተ ሄዳችሁ መካኒክ ጠራችሁ።»

እውነቱን ነገርኳቸው። «ጽጌ አባቴ ሳያቅፋት ልጄ ክርስትና አትነሳም ብላለች። ነገ ነው ቀኑ።»

«እንዲህ አለች?»

«ብላ ፊቷን አዞረች።»

«ፊቷን ካዞረች አበቃ» አሉ፣ የሚያውቋት ናቸውና። «እናቷም እንዲሁ ነበረች።» ገብተው ጋቢያቸውን ለብሰው፣ አንዲት ቅል ማር ታቅፈው ወጡ።

በደስታ የጋቢናውን በር ከፈትኩ። ሞላ ከኋላ ቦታውን ይዟል። አባባ ጎንበስ ብለው አዩት።

«ይሄ ማነው?»

«የአክስቴ ልጅ ነው። ከአዲስ አበባ የመጣ።»

«ከአዲስ አበባ የመጣ እንግዳ ኋላ ታጥፎ እኔ ጋቢና? አይሆንም!»

ሞላ በቤተ ክርስቲያን ያደገ ጨዋ ነው፤ ወዲያው ዘሎ ወረደ። «ኧረ አባቴ፣ በፍጹም! እርስዎ ይግቡ።»

«በሞቴ ግባ!»

«ኧረ እኔ ልሙት!»

«እኔ ሽማግሌው እያለሁ? ማሎ ግባ!»

«አባባ፣» አልኩ ተጨንቄ፣ «እሱ እኮ እንግዳ አይደለም፤ ሞላ ነው!»

«ቢሆንስ? ሞላ ሰው አይደለም?»

ጎረቤት ተሰበሰበ። ሁሉም በአንድ ድምፅ ከአባባ ጋር ሆነ፤ እንግዳ ይከበራል። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ‹ይህ ሰው የመኪናዬ ሸክም ነው› ብዬ እንዴት ላስረዳ? በመጨረሻ አባባ ከዘራቸውን ወደ ሰማይ አንስተው «ዋ፣ እንዳልረግምህ!» ሲሉ ሞላ ደንግጦ ጋቢና ገባ። የቆራጣዋ አፍንጫ ወደ መሬት ወረደ፤ ኋላዋ የባሰውን ወደ ሰማይ ወጣ። አባባ በቀለ፣ ከጋቢያቸውና ከቅላቸው ጋር ተመዝነው አንድ በግ የማይሞሉ ቀጭን ሰው፣ በዚያ ትልቅ ሞላ ላይ ብቻቸውን ተቀመጡ።

እንዴት እንደነዳሁ አትጠይቁኝ። ጭነት የተሸከሙ አህዮች ይቀድሙን ነበር። በመስተዋቱ ሳይ የአባባ ፊት ብቅ ይላል፣ ይጠፋል፣ ብቅ ይላል። ቅሏን ግን አልለቀቋትም።

«እንዴት ነው አባባ?»

«ኤዬ፣ ደህና ነው።»

አንድ ቦታ ላይ አቁሜ፣ «እባክዎ አሁን እንኳ ቦታ ይቀያየሩ» ብዬ ለመንኳቸው።

«የተሰጠ ክብር አይነጠቅም። ንዳ» አሉኝ። ከንፈራቸውን ነክሰዋል።

መንደራ ቆጪ ስንደርስ ጽጌ ልጅቷን ታቅፋ በር ላይ ቆማ ነበር። አባቷን ስታይ አገጯ ተንቀጠቀጠ። አባባ የመኪናዋን በር ይዘው፣ እግራቸውን አንድ በአንድ አውጥተው፣ ቀጥ ለማለት ሞክረው፣ ግማሽ ድረስ ቀጥ አሉ።

«አባባዬ! መንገዱ እንዴት ነበር? ጎዳዎት?»

«ምን መንገድ አለና!» አሉ። «አልጋ በአልጋ!»

እኔና ሞላ ተያየን። አባባ ማሩን ለሞላ ሰጥተው ልጅቷን ተቀበሉ። ፊቷን ከጋቢያቸው ገለጥ አድርገው ብዙ አዩዋት። እንባቸውን ሳይጠርጉ፣ «አፍንጫዋ የእናትሽ ነው» አሉ። ጽጌ ትከሻቸው ላይ ተደፋች። እኔም ለመኪናዋ ውኃ ላምጣላት ብዬ ጓሮ ዞሬ አለቀስኩ።

ክርስትናው አማረ። በማግስቱ ጠዋት አባባ ከአልጋ መነሳት አቃታቸው። ወገባቸው ተያዘ፤ ይኸኛው እውነተኛው ወገብ ነው፤ ጅማቱና አጥንቱ። ወጌሻ ተጠራ። ዳስሶ ዳስሶ፣ «ምን ላይ ተቀምጠው ነው?» አለ። እኔ በመስኮት ቆራጣዋን አየሁ። «መኪና የሚባል ነገር ለጊዜው እንዳያስቡ። ሲሻላቸው እናያለን» ብሎ በቅቤ አሽቶ ሄደ።

እንዲህ ሆኖ አባባ በቀለ ደዶ ሳይመለሱ ቀሩ። ሳምንቱ ሳምንትን ወለደ። ልጅቷ ደረታቸው ላይ ካልሆነ አልተኛም አለች። ጽጌ ቤት ውስጥ ማንጎራጎር ጀመረች። ሞላን ነስሩ ጋራዡ ውስጥ ቀጠረው፤ የመኪና ማንሻ ክሪክ ከመግዛት ይሻላል ብሎ።

አንድ ቅዳሜ ነስሩ በማዳበሪያ የተጠቀለለ ነገር ተሸክሞ ግቢያችን ገባ። ከኋላው ሞላ መፍቻ ይዟል።

«ዳዊት ላከ! ለስላሳ፣ ልኳ የሆነ ሞላ! ይሄኛው ብረት ነው፣ ፈትቼ አይቼዋለሁ» አለ። «አሁኑኑ እንግጠመውና ሽማግሌው በሰላም አገራቸው ይግቡ።»

ደስ ብሎኝ የመኪናዋን ቁልፍ ፍለጋ ኪሴን ስዳብስ፣ ጽጌ በሩ ላይ ብቅ አለች። ቁልፉ እጇ ውስጥ ነበር። ነስሩን አየችው፣ እኔን አየችኝ፣ ከዚያ ፊቷን አዞረች።

ከውስጥ፣ ከአልጋው፣ ልጅቷን እንዳይቀሰቅሱ ዝቅ ባለ ድምፅ አባባ ተናገሩ።

«ማሎ ልጄ፣ መኪናዋን ተዋት። ምንም አልሆነችም።»